ታዋቂ ሰው የለበሰውን ከመግዛትዎ በፊት

ማስታወቂያውን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ይዩት። ዘፈኑ ሲቀር ስለ ልብሱ ምን እንደተነገረ ያኔ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ እንኳ አይጠቀስም። ማሳመኛው ሌላ ነው፦ ለዘፋኙ ያለን ፍቅር ሳናስተውለው ወደ ሸሚዙ ይሻገራል። ናይኪ እ.ኤ.አ. በ1985 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የማይክል ጆርዳንን ስም የያዘ ጫማ ገበያ ላይ ሲያውል የሸጠው ሶል ብቻ አልነበረም።

ቀጥሎ ምስሉን አጉልተው ስፌቱን ይዩ። ወገብ ላይ ልክክ ያለ ኮት ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ሁሉ ከፊት ብቻ ከሆነ ይጠርጥሩ። እርስዎ ሲለብሱት ሰፊ የሚሆነው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ሐረር ላለ ሰው መፍትሔው ቅርብ ነው፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ሄዶ ማስጠበብ። የልብስ ሰፊውን ዋጋ ግን ቀድመው ይደምሩ።

ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሲገቡ ፎቶውን ትተው ከውስጥ የተሰፋችውን ምልክት ያንብቡ። 100% ፖሊስተር ላብ አይመጥም፤ ለድሬ ሙቀት ጥጥ ይሻላል። ምልክት ከሌለው ከስፌቱ ትርፍ አንድ ክር መዘው በክብሪት ይለኩሱ (ሻጩን አስፈቅደው፣ ከልብሱ ራቅ ብለው!)፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል።