ሙቀቱ ሌላ፣ ፀሐይዋ ሌላ፦ በበጋ ቆዳን መጠበቅ

ጥር 11 ቀን በማለዳ ጋቢ ደርቦ ወደ ጃን ሜዳ የወጣ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ፊቱን ሲታጠብ ግንባሩና የአፍንጫው ጫፍ ሲለበልበው ብዙዎቻችን በራሳችን ያየነው ነው። ቀኑ አልሞቀም፤ እንዲያውም ነፋሱ ይበርድ ነበር። ቆዳውን የለበለበው ሙቀቱ ሳይሆን በዓይን የማይታየው፣ ሲያርፍብንም የማይሰማን አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። በበጋ ቆዳን ስለመጠበቅ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀቱንና ጨረሩን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሁለቱ የሚያደርሱት ጉዳት የተለያየ እንደመሆኑ መከላከያቸውም ይለያያል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ የሚኖር ሰው ከሁለቱም ጋር ይታገላል፤ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ያለው ደግሞ ቅዝቃዜው ስለሚያዘናጋው ለጨረሩ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

ከጨረሩ እንጀምር። ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የጨረሩ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በአዲስ አበባ ይህ የሚሆነው በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ሲሆን፣ የነሐሴውን ደመናው በከፊል ስለሚጋርደው የሚያዝያው ይከፋል። ደመናም ቢሆን ሙሉ መከላከያ አይደለም፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የጨረር መለኪያ 11ንና ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር የመጨረሻው አደገኛ ደረጃ ብሎ ይመድባል፤ በደጋው አገራችን በበጋ ቀትር እዚያ መድረስ የተለመደ ነው።

መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥላውን ይመልከት። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው፤ ይህም በግምት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ገበያ መሄድን፣ ልብስ ማጠብንና ሜዳ ላይ ኳስ መጫወትን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ የሚችል ሰው ምንም ገንዘብ ሳያወጣ ትልቁን ሥራ ሠርቷል። ሕፃን ፀሐይ ማሞቅም እንዲሁ በማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ገላውን ቅቤ ወይም ዘይት ቀብቶ ማውጣቱ ግን ሽፍታ ከማምጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ሰዓቱን መምረጥ የማይችል ሰው፣ ማለትም ገበሬው፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ ግንበኛውና የጉሊት ነጋዴዋ፣ ከክሬም በፊት በልብስ ቢያስብ ይሻለዋል። ባለ ክንፍ ባርኔጣ ከኬፕ ይበልጣል፤ ኬፕ ግንባርን ብቻ ጋርዶ ጆሮንና ማጅራትን ለፀሐይ ይተዋልና። ነጠላ መከናነብ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ሽመናውን ማየት ያስፈልጋል። ነጠላውን በአንድ እጅ ወደ መስኮት ከፍ አድርገው ሌላውን እጅዎን ከኋላው ያድርጉ፤ ጣቶችዎ አንድ በአንድ የሚታዩ ከሆነ ብርሃኑ ቆዳዎን ያገኘዋል ማለት ነው። እጥፍ አድርጎ መልበስ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ሽመና የተሠራ ሰፊ የጥጥ ሸሚዝ መምረጥ መፍትሔው ነው። ጃንጥላም ለዝናብ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ እናቶቻችን በየካቲት ፀሐይ ይዘውት ሲሄዱ የሚስቅ ወጣት ማዲያት ሲወጣበት ይገባዋል።

«እኔ ጥቁር ነኝ፣ ፀሐይ ምን ታደርገኛለች» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ለቆዳችን ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ከመቃጠል በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀናል፤ በቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላችንም ከነጮች እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ያው ሜላኒን በትንሽ የቆዳ መቆጣት ስለሚበዛ ማዲያትና የብጉር ጠባሳ ጥቁረት እኛ ላይ ይበረታሉ፣ ቶሎም አይለቁም። ስለዚህ ፊቱ ላይ ማዲያት ያለበት ሰው፣ በተለይም ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቢጠቀሙ ወጪው የቅንጦት አይሆንም።

ክሬሙን ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ የሚለው ቁጥር ነው። 30 ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማውን ይከለክላል፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን፤ ስለዚህ 100 ተብሎ በእጥፍ ዋጋ ለሚሸጥ ዕቃ መጨነቅ አያስፈልግም። ሁለተኛው ዩቪኤ ለሚባለው፣ በመኪና መስታወት ጭምር ለሚያልፈው ጨረር መሥራቱ ነው፤ ቆዳን የሚያጠቁረውና ያለ ዕድሜው የሚያስረጀው በዋናነት እርሱ ነው። ለዓመታት የነዱ ሾፌሮች በመስኮቱ በኩል ያለው ክንዳቸው ከሌላው ጠቁሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው የማብቂያ ቀኑ ነው። ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስታወት ውስጥ ወራት የተቀመጠ ክሬም ቀኑ ባያልፍም ሊበላሽ ይችላል፤ ሲጨምቁት ውኃና ቅባቱ ተለያይቶ ከወጣ ይጣሉት።

አቀባቡ ላይ ብዙ ሰው ይቆጥባል። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው መጠን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ልክ የተጨመቀ ሁለት መስመር ነው። ከዚያ በግማሽ የቀነሰ ሰው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን መከላከያ አያገኝም፤ 50 ገዝቶ በቁንጥር ከመቀባት 30 ገዝቶ በደንብ መቀባት ይሻላል። ከቤት ከመውጣትዎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀድመው ይቀቡ፤ ውጭ የሚውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ፣ ላብ ካጠበዎት ደግሞ ከዚያም በፊት ይድገሙት። ጆሮ፣ ማጅራትና የእጅ መዳፍ ጀርባ የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። ዚንክ ኦክሳይድ የበዛበት ክሬም ጥቁር ፊትን አመድ የነካው ያስመስላል፤ ይህን የማይወድ ሰው ቀለም ያለውን ዓይነት ይጠይቅ። በውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ስለሚከላከል ለእኛ ቆዳ ይበልጥ ይስማማል። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ክሬም ሳይሆን ጥላ ነው የሚያስፈልገው። ቫዝሊንም ቆዳን ያለሰልሳል እንጂ ከፀሐይ አይከላከልም።

ሎሚን ለብቻው ላንሳው። ማዲያት ያጠፋል ተብሎ ፊት ላይ የሚታሸው ሎሚ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቃጥላል፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ጨረሩ ሲያርፍበት መርዛማ ይሆናልና። አንድ ጊዜ ለቤተሰብ ድግስ ግቢ ውስጥ በቀትር ፀሐይ ተቀምጬ አንድ ሣህን ሙሉ ሎሚ ጨምቄ ነበር። በዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ማታ ግን ጭማቂው ከእጄ አንጓ ወደ ክርኔ በወረደበት መስመር ልክ ቆዳዬ ቀልቶ ተነሣ፤ ውኃ ቋጠረ፤ ከዳነ በኋላም እንደ ቀለም ጠብታ ያለ ጥቁር መስመር ወራት ቆየብኝ። ጤና አዳምም ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። ስለዚህ ትኩስ ቅጠሉን የቀነጠሰ ወይም ገላው ላይ ያሸ ሰው ወደ ፀሐይ ከመውጣቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ከሎሚም የሚብሰው ከየሱቁ የሚገዛው የማቅያ ክሬም ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ፊቱን ሲያጠራው ደስ ያሰኛል፤ በወራት ውስጥ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ብጉር ይወርረዋል፣ የበጋ ፀሐይ ሲያገኘውም ቶሎ ይቃጠላል። ኩላሊት የሚጎዳው ሜርኩሪ የሚጨመርባቸውም አሉ። የንጥረ ነገሩ ዝርዝር ያልተጻፈበትን ማንኛውንም ማቅያ ባይነኩት ይመረጣል። ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ፊቱ ሊቆጣ ስለሚችል በሐኪም ምክር ያቁም።

የሚወስዱትን መድኃኒትም ያስቡ። ዶክሲሳይክሊንና ኮትሪሞክሳዞል የሚባሉት አንቲባዮቲኮች እንዲሁም ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋሉ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ መከላከያውን ያጠናክሩ።

ሙቀቱ ደግሞ በላብ በኩል ነው የሚያጠቃው። የላብ ቀዳዳ ሲደፈን አንገት፣ ደረትና ብብት ላይ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ይወጣሉ፤ ሕፃናት ላይ የሚበዛው ስለምንጠቀልላቸው ነው። ልብሱን ማሳሳት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብና ቅባቱን መተው ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በቆላ ወፍራም ቅባት መቀባት ችግሩን ያባብሳል፤ ቀለል ያለ ሎሽን በቂ ነው። በተቃራኒው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ በኤሲ ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችን ቆዳቸው የሚደርቀው ከሙቀቱ ይልቅ በማሽኑ አየር ነው፤ ገላቸው ከመታጠቢያ እንደወጣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቢቀቡ ልዩነቱን ያዩታል።

ላብ የቆየበት ቆዳ ለፈንገስም ይመቻል። ቋቁቻና ጭርት በዚህ ወቅት የሚበረቱት ለዚህ ነው። ሲታጠቡ የእግር ጣቶችን መሃል፣ ብሽሽትንና ከጡት ሥር ያለውን ቦታ በፎጣ ያድርቁ፤ በላብ የራሰ ካልሲ ደግመው አያድርጉ። ጭርት ላይ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ክሬም መቀባት ማሳከኩን አስታግሦ ፈንገሱን ያስፋፋል፤ ክሎትሪማዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ብቻውን ይጠይቁ፣ ከጠፋ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥሉበት።

ቆዳው ከተቃጠለ ወዲያው ጥላ ውስጥ ገብቶ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ማድረግና ውኃ መጠጣት ነው። በረዶ፣ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይንካው። ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡት። ትኩሳት ከመጣ ወይም ውኃ የቋጠረው ቦታ ሰፊ ከሆነ ሐኪም ይየው።

አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ዕለታዊ ግዴታ ነው፤ ሜላኒን የሚሰጠው ከለላ ስለሌላቸው የቆዳ ካንሰር በወጣትነታቸው ሊይዛቸው ይችላል። ልጁ ያለበት ወላጅ በክፍል ውስጥ ከመስኮት ርቆ እንዲቀመጥ፣ በሰልፍም ሰዓት ባርኔጣውን እንዲያደርግ ከመምህራኑ ጋር ይነጋገር። ለሌሎቻችን ደግሞ በጥቁር ሰዎች ላይ የሚታየው አደገኛው የቆዳ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው። እዚያ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ወይም ከወር በላይ ያልዳነ ቁስል ያየ ሰው ክሬም ሳይፈልግ በቀጥታ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ።