ጎንደር ላይ በትንሽ ብር አስቤዛ እንዴት ይገዛል፣ ዘንቢሉና ፌስታሉስ እንዴት ይያዛል

ደሞዝ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላ ብሩ የት እንደገባ ለሚጠፋበት ሰው ነው ይሄን ምጽፈው። ሁላችንም ጤፍ ተወደደ ዘይት ተወደደ እንላለን፣ እውነት ነው ተወዷል፣ ግን ኪሳችንን ሚያራቁተው እሱ ብቻ አደለም። ማታ ማታ ከሰፈር ሱቅ በፌስታል እየተቋጠረ ሚገባው ነው፣ ሩብ ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ኩባያ ዘይት፣ አራት ራስ ሽንኩርት፣ የተላከው ልጅ ደሞ መልሱን ከረሜላ ገዝቶበት ይመጣል። ባለሱቁ ላይ አልፈርድም፣ እሱም ከአራዳ በባጃጅ አስጭኖ ነው ሚያመጣው፣ ትርፉን ካልደረበ ምን ይበላል። ግን አንዱን ሽሮ ሩብ ሩብ እያረጋችሁ አራቴ ስትገዙትና ኪሎውን ባንዴ ስትገዙት ያለውን ልዩነት እስቲ አስሉት፣ ከዛ ለዘይቱም ለምስሩም ለስኳሩም እንደዛው አርጋችሁ የወሩን ደምሩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ከሱቅ የገባውን ሁሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ክብሪቷም ሳትቀር። ሳምንቱ ሲያልቅ ሊስቱን ለሁለት ክፈሉት፣ ሚከርምና ማይከርም ብላችሁ። ጤፍ፣ የሽሮ እህል፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና ይከርማሉ፣ ቲማቲም ጎመን ቃሪያ ምናምን አይከርሙም። ሚከርመውን ከሰፈር ሱቅ ጨርሶ አለመግዛት፣ ማይከርመውን ደሞ ሁለት ሶስት ቀን ሚበቃ ብቻ መግዛት። ረከሰ ተብሎ አንድ ሳጥን ቲማቲም ገዝቶ ግማሹን መድፋት ምን ይባላል?

ወቅቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንደኔ እምነት ወሩን ሙሉ ከሻጭ ጋ ተከራክራችሁ ምታተርፉትን በወቅቱ በመግዛት አንድ ቀን ላይ ታገኙታላችሁ። ጤፍ ኅዳርና ታህሳስ ታጭዶ ይወቃል፣ ጥርና የካቲት ላይ ከደምቢያውም ከሌላውም እየገባ ገበያው ይጠግባል፣ ከዛ እየተሰቀለ ሄዶ ክረምት ላይ ነው ሚብሰው። ችግሩ ጥር ላይ የኩንታል ብር ባንዴ ከየት ይመጣል ነው አደል? ለዚህ እኮ እቁብ የለመደ ህዝብ ነን። ከሰፈር ወይ ከመስሪያ ቤት አምስት ስድስት ሆናችሁ ከሐምሌ ጀምሮ በየወሩ ጣሉ፣ ግን እጣ አይወጣም፣ ብሩ ባንክ ይቀመጥና ጥር ላይ በጋራ ይገዛበታል። ብዙ ኩንታል ባንዴ ሚያነሳ ሰው ሲመጣ ነጋዴውም ዋጋ ይሰብራል፣ የጫኝና የመኪናውም ወጪ ይከፋፈላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፣ ያን ሰሞን ጎንደር እንግዳ በእንግዳ ሆና ከእንቁላል እስከ ባጃጅ ሁሉም ይወደዳል፣ ስለዚህ ወይ ቀደም ብላችሁ ወይ በዓሉ ካለፈ በኋላ እንጂ በመሀሉ ገበያ አትውጡ።

ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ያለ እንጨት ላይ ካስቀመጣችሁት አመቱን ይከርማል። ባቄላ አተርና ሽምብራ ግን ይነቅዛሉ። ለነሱ አየር ማያስገባ ባለ ሶስት ድርብ ከረጢት አለ፣ ፒክስ ይሉታል፣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ውጪው ማዳበሪያ ነው፣ አፉን አንድ ባንድ ጥብቅ አርጎ ማሰር ብቻ፣ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል መድሃኒት ምናምን አያስፈልግም። እሱ ካልተገኘ የዘይት ጀሪካን በሳሙና አጥባችሁ፣ ውስጡ ጠብታ እስከማይቀር አድርቃችሁ፣ እህሉን እስከ አንገቱ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁት። መሙላቱ ዋና ነገር ነው፣ ባዶ ቦታ ካለ አየር አለ ማለት ነው።

ጤፉን ብቻውን መጋገር የማይቻልበት ጊዜ ላይ ነን፣ አብዛኛው ቤት ከፎገራ ሩዝ ወይ ከማሽላ ወይ ከዘንጋዳ ጋ ያስፈጫል። ሶስት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ሩዝ ከሆነ እንጀራው ነጣ ብሎ ጥሩ ይወጣል፣ ሩዙን ከዛ በላይ ስትጨምሩ ግን በሁለተኛው ቀን ይደርቅና ይሰባበራል፣ የተሰባበረውን ደሞ ልጆቹ አይነኩትም። ለማንኛውም የደረቀውን ፀሀይ ላይ አስጥታችሁ ድርቆሽ አርጉት፣ ለፍርፍር አንደኛ ነው።

የሽሮ ነገር ደሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ርካሽ የተፈጨ ሽሮ ስታዩ መጀመሪያ ጓያ አለበት ወይ ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ከተፈጨ በኋላ በአይን አይለይም። ጓያ አንድ ሁለት ቀን ቢበሉት ምንም አይልም፣ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደው ደሞ አይመለስም፣ ደምቢያና ፎገራ ላይ በችግር ዘመን ስንቱን እንዳስቀረ ይታወቃል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ሽምብራውን ወይ አተሩን ፍሬውን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ ቆልታችሁ ራሳችሁ አስፈጩ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ መያዝ ያሰለቻል ግን ከተፈጨው ይረክሳል፣ ምን እንደምትበሉም ታውቃላችሁ። ወፍጮው ላይ ከእናንተ በፊት በርበሬ የፈጨ ካለ ደሞ ቆይታችሁ ሌላ ሰው ይቅደም በሉ።

ሽንኩርት በጋ ላይ በመስኖ ከፎገራ በኩል በደንብ ይገባል፣ ክረምት ላይ ወይ መንገድ ሲዘጋጋ ግን ሰማይ ይነካል። ረከስ ሲል ከጎረቤት ጋ አንድ ማዳበሪያ ተካፈሉ፣ ግን ፌስታል ውስጥ እንዳታስቀምጡት፣ ያልበዋል ከዛ ከስር ይበሰብሳል። በመረብ ከረጢት ጥላ ቦታ አንጠልጥሉት። ድንች ደሞ ብርሀን አይወድም፣ አረንጓዴ የሆነውን ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉት እንጂ አትብሉት። ቅቤ ደሞ ፆም ላይ ነው ሚገዛው፣ ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ፈላጊ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፣ ገዝቶ አንጥሮ ማስቀመጥ ነው። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ቅቤ ፍለጋ ሚወጣ ሰው ግን እግዜር ይርዳው።

ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ። ገበሬው በአህያ ጭኖ ሲገባ ነጋዴ ሳይጠቀልለው በፊት ያለችው ሰአት ነች ጥሩዋ፣ ረፈድ ካለ ያው አንዱ እህል ሁለተኛ እጅ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ቅቤ ስትገዙ ከላይ ያለውን ብቻ አትቅመሱ፣ ቀጭን እንጨት መሀሉ ድረስ ሰክታችሁ አውጥታችሁ አሽቱት፣ ላዩን ንፁህ ለብጦ ውስጡን ሌላ ነገር ሚሞላ አለ። ሚዛን ላይ ደሞ አንድ ቀላል ነገር ልንገራችሁ፣ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ዘንቢላችሁ ውስጥ ያዙ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ የላስቲኩ ክብደት ጥቂት ግራም ቢጨምር ነው። “እናትዬ እስቲ ይቺን መዝኚልኝ” ብላችሁ ስትሰጧት ሚዛኑ ኪሎ ከሩብ ካለ ፈገግ ብላችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ፣ ጭቅጭቅ አያስፈልግም። በጣሳ ሚለካ ከሆነ ጣሳውን ገልብጣችሁ ቂጡን እዩት፣ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ ከሆነ እፍኝ ሙሉ ጎድሏል ማለት ነው።

ክርክሩን በተመለከተ፣ ኩንታል ጤፍ ላይ፣ ጀሪካን ዘይት ላይ፣ በርበሬ ላይ ተከራከሩ፣ እዛ ላይ ብር አለ። ጉልት ላይ ፀሀይ እየመታት አምስት መደብ ቲማቲም ዘርግታ ከተቀመጠች እናት ጋ ግን ለትንሽ ብር መድረቅ እኔ አልወድም። እሷን “መርቂልኝ” ማለት ይበቃል፣ ሁለት ፍሬ ጣል ታረጋለች፣ ደንበኛ ከሆናችሁ ደሞ ማታ ልትነሳ ስትል ለስለስ ያለውን ቲማቲም በግማሽ ዋጋ ትሰጣችኋለች፣ ለወጥ ምን ይሆናል። በተረፈ በየቀበሌው ያለውን የሸማቾች ማህበር አትናቁት፣ ዘይትና ስኳር ሲገባ ከሱቅ ይቀንሳል፣ ሰልፉ ነው እንጂ።

ወደ መያዣው እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከለከለ ሲባል የነበረው ስስ ፌስታልን ነበር፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዛ በታች የሆነውን። ማንም ልብ ያለው አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማ ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ግን የፌስታልን ነገር ጠቅልሎ ከልክሎታል፣ ቅጣትም አለው፣ ስለዚህ ዘንቢል መያዝ ከእንግዲህ የድሮ ሰው ወግ አደለም። ዘንቢል ለመግዛት ደሞ ብር ማውጣት አያስፈልግም፣ የሩዝ ወይ የዱቄት ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ካላችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰዱት። እውነተኛ የእርሻ ማዳበሪያ ወይ ፀረ ተባይ የነበረበት ከረጢት ግን ለምግብ እንዳትነኩት፣ ታጠበ አልታጠበ ለውጥ የለውም።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያውን አጥባችሁ አድርቁና አፉ በኩል ወደ ሲሶ ገደማ ቁረጡት። የተቆረጠው ጠርዝ ክሩ ይፈታል፣ ስለዚህ በላይተር ለብለብ አርጉት፣ ቀልጦ ይያያዛል፣ ከዛ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፎ ማሰፋት። ማንጠልጠያው ላይ ነው ሰው ሚሳሳተው፣ አፉ ላይ ብቻ ከተሰፋ አስር ኪሎ ድንች ሲገባበት መንገድ ላይ ይበጠሳል። የማንጠልጠያውን ጨርቅ በረጅሙ አርጋችሁ ከአንዱ ጎን ተነስቶ በቂጡ ስር አልፎ በሌላው ጎን እንዲወጣ አሰፉት፣ ክብደቱን ቂጡ ይሸከመዋል። ከአሮጌ ሱሪ የተቆረጠ ወገብ ወይ የቦርሳ ማንገቻ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ሲባጎ ግን እጅ ይቆርጣል። የተረፈችውን ሲሶ አትጣሏት፣ አንድ በኩሏን ካሰፋችኋት ለከሰል መያዣ ትሆናለች።

ለሽሮ ለበርበሬና ለምስር ከአቡጀዲ ወይ ካረጀ አንሶላ ትንንሽ ከረጢት ስፉ፣ አፏ ላይ ማሰሪያ ያላት፣ ላይዋ ላይ በእስክርቢቶ ምን እንደሆነ ጻፉ፣ የበርበሬዋ አንዴ በርበሬ ከሆነች እስከመጨረሻው በርበሬ ናት። ዘይት ለመግዛት የራሳችሁን እቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ቤት ውስጥ የተጠራቀመው ፌስታልስ? ስጋ ወይ ዶሮ የያዘው ለቆሻሻ ብቻ ይሁን። ሌላውን ገልብጣችሁ በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አንጠልጥሉት፣ ፀሀይ ላይ ከቆየ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፣ ማዳበሪያውም እንደዛው ነው። ትኩስ ወጥ ፌስታል ውስጥ አትጨምሩ፣ ሳህን አለ እኮ። ከሰል ማቀጣጠያ ማረጉንም ተዉት፣ ያ ጥቁር ጭስ ቡናው ላይም ልጁ ሳንባ ላይም ነው ሚገባው፣ ጭራሮ ወይ የደረቀ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ይበቃል።

ዘንቢሉ ራሱ ሲያረጅ፣ ጓሮ ለሌላችሁ ደሞ የበለጠ፣ ጎመን ተክሉበት። አፈርና የበሰበሰ ፍግ እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉት፣ መሀሉ ላይ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ በትንንሽ ጠጠር ሞልታችሁ በአፉ ቁልቁል አቁሙት፣ ውሃ ስታጠጡ በሱ በኩል ወደ ታች ይደርሳል። ጎኑን በምላጭ እዚህም እዚያም ቀደድ አርጋችሁ ችግኝ ሰኩበት፣ ላዩ ላይም ትከሉ። አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ ጠዋት ጠዋት ጨምሩለት፣ የሳሙና ውሃ ግን አይሆንም። ቅጠሉን ከስር ከስር እየቀነጠባችሁ ከበላችሁት፣ መሀሉን እስካልነካችሁት ድረስ፣ እንደገና ይወጣል።