ለገበያተኛው የማይደርስ የኢኮኖሚ ጽሑፍ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ጤፍ የምትሸምት እናት ስለ ኢኮኖሚ አታውቅም ብሎ መነሳት የስህተቶች ሁሉ መጀመሪያ ነው። የአምናውን ዋጋ ታውቃለች። ማኛው ከሰርገኛው በስንት እንደሚበልጥ፣ ብሯ ባለፈው ወር ስንት ኪሎ ይገዛ እንደነበርም ታውቃለች። ያልደረሳት በዜና የምትሰማው ቁጥር ከእጇ ካለው ብር ጋር በምን እንደሚገናኝ ነው። የጸሐፊው ሥራ ይህን መገናኛ ማሳየት ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራም በጎንጅም የቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ገልጦ ወርቁን እስኪያገኝ ይደክማል፤ ድካሙም የትምህርቱ አካል ነው። ለቅኔ መሰወር ክብር ነው። ስለ ባንክ ወለድ፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ምርጫ ሕግ የሚጽፍ ሰው ግን ወርቁን ከላይ ማስቀመጥ አለበት።

ንረቱ ቀነሰ ሲባል ዋጋ ቀነሰ ብሎ መጻፍ

ከሁሉ በላይ አንባቢን ከጸሐፊ የሚያጣላው ይህ ነው። የዋጋ ንረት ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም። ለስሌት እንዲመች አንድ ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ነበር እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 13,000 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ጭማሪው ወደ 15 በመቶ ቢወርድ ዋጋው 14,950 ብር ይደርሳል። ንረቱ በግማሽ ወረደ፤ ሸማቿ ግን 1,950 ብር ተጨማሪ ከፈለች። ጸሐፊው «የዋጋ ንረት በግማሽ ቀነሰ» ብሎ እዚያ ላይ ካቆመ አንባቢዋ ዋሸኝ ትላለች። ያልተሟላ እውነት ስለተነገራት አይፈረድባትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ይበቃል፦ ዋጋው አሁንም እየጨመረ ነው፤ የሚጨምረው ግን ካምናው በዝግታ ነው።

እዚሁ ላይ «የኑሮ ውድነት» እና «የዋጋ ንረት» አንድ ተደርገው ሲጻፉ ይታያል። ንረቱ ዜሮ ቢሆን እንኳ ገቢ ካልጨመረ ኑሮው ውድ እንደሆነ ይቀጥላል። በተጨማሪም የስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው አጠቃላይ ቁጥር ምግብንና ምግብ ነክ ያልሆኑ ዕቃዎችን ለየብቻ ይዘረዝራል። ከገቢው አብዛኛውን ለእህል የሚያወጣ ቤተሰብ የሚሰማው የምግቡን ቁጥር ስለሆነ አጠቃላዩን ብቻ መስጠት አይበቃም።

መቶኛው ከምን እንደተነሳ አለመናገር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር መግዣ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ዘለለ። «ብር 30 በመቶ ወደቀ» ተብሎ ብዙ ተጻፈ። 30 በመቶ የጨመረው ዶላሩ በብር ሲለካ ነው፤ 17.25ን ለ57.48 ማካፈል ነው። ብር በዶላር ሲለካ ግን ያጣው 23 በመቶ ገደማ ነው፤ ያው 17.25 ለ74.73 ሲካፈል ማለት ነው። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው። ስህተቱ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መስጠት ነው፤ በዚያው ስሌት ዶላር በእጥፍ ቢጨምር ብር «100 በመቶ ወደቀ»፣ ማለትም ዋጋ አልባ ሆነ ሊባል ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ። የብድር ወለድ ከ10 ወደ 12 ሲወጣ «በ2 በመቶ ጨመረ» ይባላል። የጨመረው 2 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ተበዳሪው የሚከፍለው ወለድ ግን በ20 በመቶ ከፍ ብሏል። 100,000 ብር የተበደረ ሰው በዓመት ይከፍል የነበረው 10,000 ብር አሁን 12,000 ሆኗል ብሎ መጻፍ ከሁሉም ይሻላል።

ሰንሰለቱን መሃል ላይ መበጠስ

«የምንዛሪ ለውጡ በአርሶ አደሩ ላይ ጫና ያሳድራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አላስረዳም። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ ጅቡቲ ወደብ ይገባል። ከዚያ በከባድ መኪና፣ ነዳጅም በዶላር የተገዛ ሆኖ፣ ወደ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መጋዘን ይጓዛል። ከዩኒየኑ ወደ ቀበሌው መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበሩ በአህያ ጀርባ ወደ ገበሬው ቤት። ዶላር ሲወደድ ጭማሪው በነዚህ ቀለበቶች ሁሉ ያልፋል። የትኛው ቀለበት ላይ እንደሚረግብም መናገር ያስፈልጋል፦ ግዥው ከለውጡ በፊት ተፈጽሞ ከሆነ ወይም መንግሥት ድጎማ ካደረገ ጭማሪው በዚያው ዓመት ገበሬው ጋ ላይደርስ ይችላል። አንባቢው ይህን ካየ ቀጣዩን ዓመት ራሱ ይገምታል። አንድ ቀለበት ከተዘለለ ግን ቀሪውን በወሬ ይሞላዋል።

ሰው በማይቆጥርበት መለኪያ መጻፍ

በጎጃም ብዙ ገበሬ መሬቱን በቃዳ ነው የሚቆጥረው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። «በሄክታር ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ» ከማለት «በቃዳ ግማሽ ኩንታል» ማለት በቀጥታ ይገባል። ሄክታሩን መተው የለብንም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

አማካይም እንዲሁ ያሳስታል። አምስት ገበሬዎች 4፣ 4፣ 5፣ 6 እና 31 ኩንታል ቢያገኙ አማካዩ 10 ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ግን 10 አልደረሱም። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መሃል ላይ ያለውን 5 መስጠት ለእውነቱ ይቀርባል።

ዓመተ ምሕረትን ማደባለቅ

የኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2016 በጀት ዓመት በአውሮፓውያን ከሐምሌ 2023 እስከ ሐምሌ 2024 መጀመሪያ ይዘልቃል። የዓለም አቀፍ ተቋማትን የ2024 ቁጥር ወስዶ ስምንት በመቀነስ «በ2016» ብሎ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ዓመታትን ማጋጨት ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑም ይዘነጋል። የመኸር ምርት ደግሞ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ስለሚሰበሰብ ሁለት ዓመተ ምሕረት ይረግጣል። የዘሩን ወይም የአጨዳውን ዓመት ለይቶ መጻፍ ነው።

ረቂቁን ሕግ ማለት

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ አዋጅ ተወያይቶ ሲመራ «አዲስ ሕግ ወጣ» ተብሎ ይጻፋል። ገና ነው። ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፣ በቋሚ ኮሚቴ ይታያል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመም ሕግ ከመሆን አይቀርም። በመጨረሻ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ የሚያወጣው መሥሪያ ቤቱ ነው። የአማራ ክልል አዋጅ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ፣ በዝክረ ሕግ፣ ይወጣል። በተለይ ስለ መሬት ሲጻፍ ይህን ማደባለቅ አደጋ አለው፦ ሰው ገና ባልጸደቀ ነገር ተደናግጦ መሬቱን በርካሽ ያከራያል።

ለሁሉ ነገር አንድ ምክንያት መስጠት

በ1960 ዓ.ም. በጎጃም፣ በሞጣ፣ በብቸናና በአካባቢው የተነሳው የገበሬዎች አመፅ «ግብር ስለበዛባቸው» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ አሥራቱን፣ ማለትም ከምርት አንድ አሥረኛ ይባል የነበረውን ግብር፣ ተክቶ የመጣ ነበር። ጎጃሜውን ያስቆጣው ግን የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ማሳውን ሊገምቱ የሚመጡ ሰዎች ነገ ለልኬታ፣ ልኬታውም ርስት ለመንቀል በር ይከፍታሉ የሚል ሥጋት ነበር። በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ላይ የተከማቸ ቅሬታም አለበት። ጦር ተላከ፤ በኋላ መንግሥት ጠቅላይ ገዢውን አነሳ፣ ውዝፉንም ግብር ሰረዘ። ጉዳዩ የግብሩ መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ገዢውን ማንሳት ለምን እንዳስፈለገ አይገባም ነበር። ምክንያቶችን ስንደረድር የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው አባብሶ እንደሆነ ለይተን እንናገር።

ምሳሌን ከአቅሙ በላይ መጎተት

ዕቁብ ለንረት ግሩም ምሳሌ ነው። አሥር ሰዎች በወር 1,000 ብር ቢጥሉ ሁሉም በየተራው 10,000 ይደርሰዋል። ዋጋ በየወሩ 2 በመቶ ቢጨምር ግን ዕጣው በአሥረኛው ወር የወጣለት ሰው 10,000 ብሩ የሚገዛለት በመጀመሪያው ወር 8,370 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ይህን ያየ ሰው ቀድሞ የሚበደር ለምን እንደሚጠቀም፣ ቆጣቢ ለምን እንደሚጎዳ ገባው። ስለ ባንክ ሲጻፍ ግን ምሳሌው ይቆማል፤ ዕቁብ የተሰበሰበውን ብቻ ያዞራል፣ ባንክ ግን ሲያበድር በአገሩ ያለው ገንዘብ ይበዛል። «መንግሥትም እንደ ቤተሰብ ከገቢው በላይ ማውጣት የለበትም» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቤተሰብ ብር አያሳትምም፣ ግብር አይጥልም። ምሳሌው የሚያበቃበትን ቦታ ጸሐፊው ራሱ ምልክት ያድርግ።

«ሕዝቡ» ብሎ መጠቅለል

የጤፍ ዋጋ ሲወጣ «ገበሬው ተጠቀመ፣ ከተሜው ተጎዳ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ሄክታር አርሶ የሚተርፈውን እስከ ክረምት የሚያቆይ ገበሬ እውነት ይጠቀማል። ሁለት ቃዳ ያለው ግን የማዳበሪያ ዕዳውን ሊከፍል ታኅሣሥ ላይ፣ ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋው በሚረክስበት ጊዜ ይሸጣል። ጎተራው ሐምሌ ላይ ባዶ ሲሆን ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ይህ ሰው በታኅሣሥ ሻጭ፣ በሐምሌ ሸማች ነው፤ «ገበሬ» በሚለው ቃል ውስጥ ከመጀመሪያው ጋር ተጨፍልቆ ሲጻፍ ደግሞ የክረምቱ ረሃብ ከጽሑፉ ይወጣል። ማን እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ።