በህንድ ኩባንያ ዳይሬክተር ከሆኑ የድርጅቱ ወንጀል ወደ እርስዎ እንዳይዞር እንዴት ይጠነቀቃሉ?

መጥሪያው በፖስታ መጣ። ፖስተኛው አስፈርሞኝ ከደረጃው ሳይወርድ ኤንቨሎፑን ቀደድኩት፤ ከተከሳሾቹ ሦስተኛው ስም የእኔ ነው። ጉዳዩ ደረቅ ቼክ። ቼኩን አልፈረምኩም፣ መልኩንም አላውቀውም፤ ከኩባንያው ከለቀቅኩ አሥራ አንድ ወር ሆኖኛል። ለቅቄአለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ነገሩ የተጀመረው በይሉኝታ ነው። ቤንጋሉሩ ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው ሥራ ይዤ ሳለ፣ ዱባይ የሚኖር ወዳጄ ከሸሪኩ ጋር ከኢትዮጵያ ጥራጥሬ የሚያስመጣ ኩባንያ ህንድ ውስጥ አቋቋመ። የህንድ የኩባንያዎች ሕግ ከዳይሬክተሮቹ ቢያንስ አንዱ በበጀት ዓመቱ 182 ቀን አገር ውስጥ የቆየ ሰው እንዲሆን ያስገድዳል። «ስምህን ብቻ አውሰን» አሉኝ፤ አዋስኩ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ከዚህ በታች ያለውን የተማርኩት ችሎት ደጃፍ ተራ ስጠብቅ ነው።

1. የሚያሳድድዎትን ሕግ ይለዩ

የኩባንያ ወንጀል በራሱ ወደ ዳይሬክተሩ አይተላለፍም። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሱኒል ባርቲ ሚታል ጉዳይ እንዳለው፣ አንድም ሕጉ ራሱ ዳይሬክተሩን ተጠያቂ ማድረግ አለበት፣ አንድም ሰውየው አስቦ እጁን ማስገባቱ በማስረጃ መታየት አለበት። ችግሩ ዳይሬክተሩን ተጠያቂ የሚያደርጉት ሕጎች ብዙ መሆናቸው ነው። ቼክን የሚገዛው የ1881 ሕግ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የ1986ቱ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ የገቢ ግብር ሕጉ፣ ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክለው ሕግ፣ ሁሉም ተቀራራቢ ቃል ይጠቀማሉ፦ ወንጀሉ በተፈጸመ ጊዜ የኩባንያውን ሥራ ይመራ የነበረና በኃላፊነት የሚጠየቅ ሰው። «በተፈጸመ ጊዜ» የምትለዋን ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። አላወቅሁም ወይም የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጌያለሁ ብሎ ማምለጥ ይቻላል፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን የዳይሬክተሩ ነው።

የ2013ቱ የኩባንያዎች ሕግ ደግሞ የራሱ ቅጣቶች አሉት። በአንቀጽ 447 ከባድ የማጭበርበር ወንጀል ከስድስት ወር እስከ አሥር ዓመት ያሳስራል። ፋብሪካ ካለ፣ እስከ ኖቬምበር 2025 ይሠራበት በነበረው የ1948ቱ የፋብሪካዎች ሕግም ሆነ እሱን በተካው ሕግ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ እንደ ፋብሪካው ባለይዞታ፣ ማለትም ለፋብሪካው በሕግ እንደሚጠየቅ ሰው፣ ይቆጠራል፤ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሬአለሁ ማለት ብቻውን አያድንም።

2. የተቀመጡበትን ወንበር ይወቁ

ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነ ዳይሬክተርና ቼኩን የፈረመ ሰው ከክሱ ለመውጣት ይቸገራሉ። ሌላው ዳይሬክተር ግን በማዕረጉ ብቻ አይከሰስም፤ ከሳሹ ይህ ሰው በዚያን ጊዜ ሥራውን ይመራ ነበር ብሎ በክሱ ላይ በግልጽ መጻፍ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በኤስ.ኤም.ኤስ. ፋርማሲዩቲካልስ ጉዳይ ወስኗል። በዕለት ሥራ የማይገባና ገለልተኛ የሆነ የቦርድ አባል ደግሞ በ2013ቱ ሕግ አንቀጽ 149 የተሻለ ከለላ አለው።

ይህን ሰምተው ግን እንቅልፍዎን አይተኙ። ከ1984ቱ የቦፓል የጋዝ አደጋ በኋላ፣ የዩኒየን ካርባይድ ህንድ የቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት ኬሹብ ማሂንድራ የዕለት ሥራ የማይመሩ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተብለው ከሌሎች ኃላፊዎች ጋር ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው።

3. ተቃውሞዎን በቃለ ጉባኤ ያስመዝግቡ፤ ባዶ ቼክ አይፈርሙ

ሁለቱን አንድ ላይ የጻፍኩት ማብራሪያ ስለማያስፈልጋቸው ነው። በስብሰባ ላይ በቃል የተነገረ ተቃውሞ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ለጉዞ ሲነሱ ፈርመው የሚተዉት ቼክ ደግሞ ለማያውቁት ዕዳ የተፈረመ ነው።

4. ሲለቁ በትክክል ይልቀቁ

እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። ቦታህን የሚይዝ ሰው አግኝተናል ሲሉኝ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ለሒሳብ ባለሙያው በእጁ ሰጠሁት። «ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ፤ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ደብዳቤው ከጠረጴዛው መሳቢያ አልወጣም።

ሕጉ፣ አንቀጽ 168፣ መልቀቂያው የሚጸናው ኩባንያው ደብዳቤውን ከተቀበለበት ቀን ወይም በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ ነው ይላል። ኩባንያው ዲአይአር-12 በተባለው ቅጽ በ30 ቀን ውስጥ ለኩባንያዎች መዝጋቢ ማሳወቅ አለበት። የእኔ አላሳወቀም። ስለዚህ የኩባንያዎች ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ስሜ እንዳለ ቀረ። ያን ገጽ ማንም ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል፤ የከሳሹ ጠበቃም ከፍቶ ያገኘውን ስም ሁሉ ክሱ ላይ ገለበጠ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ደብዳቤውን በኢሜይልም በአደራ ፖስታም ይላኩ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ከቦርዱ የተቀባይነት ማረጋገጫ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀጥሎ ኩባንያውን ሳይጠብቁ ዲአይአር-11 የሚባለውን ቅጽ ራስዎ ለመዝጋቢው ያስገቡ፤ ሕጉ ለለቀቀው ዳይሬክተር ይህን በር ከፍቶለታል። እኔ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ቅጹ የዲጂታል ፊርማ ይፈልጋል። ፊርማው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ፣ ጣት የምታክል ቁራጭ ውስጥ ነው ያለው። የሒሳብ ባለሙያዎች የደንበኞቻቸውን ፊርማ በላስቲክ አስረው መሳቢያ ውስጥ ያከማቻሉ፤ የእኔም እዚያ ነበር። ለሥራ ያመቻል ይሉዎታል። አይስጡ። ማኅተምዎን ለጎረቤት አውሰው እንቅልፍ ይወስድዎታል?

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድረ ገጹን ከፍተው ስምዎ መነሳቱን ያረጋግጡ፤ ገጹን አትመው ቀኑን ይጻፉበት። ለባንኩም የፈራሚነት ሥልጣንዎ መቅረቱን በደብዳቤ ያሳውቁ። ለብድር የሰጡት የግል ዋስትና ካለ ግን በመልቀቅ ብቻ አይሰረዝም።

5. ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ይመልሱ

በቼክ ጉዳይ ሰዓቱ እንዲህ ይቆጥራል። ቼኩ መመለሱን ባንኩ ካሳወቀው በኋላ ባለገንዘቡ በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በ15 ቀን ካልተከፈለ ወንጀል ይሆናል፤ ክሱ ደግሞ ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ ይቀርባል። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ ቼኩ እጥፍ የሚደርስ መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። ዝም በል የሚል ጠበቃ ካጋጠመዎት ይቀይሩት። በዚህ ቀን ለቅቄአለሁ፣ ማስረጃው ይኸው ብሎ የተጻፈ አንድ ገጽ መልስ ገና ከጅምሩ ስምዎን ሊያስወጣ ይችላል። የእኔ ማስጠንቀቂያ በኩባንያው አድራሻ ተልኮ ማን እንደተቀበለው እስካሁን አላውቅም።

6. መጥሪያ ከመጣ

ይቅረቡ ወይም ጠበቃዎ ይቅረብ፤ መጥሪያ የናቀ ሰው የእስር ማዘዣ ይከተለዋል። ከዚያ የክሱን ወረቀት ያንብቡ። ኩባንያው ራሱ ተከሳሽ ሆኗል? እ.ኤ.አ. በ2012 በአኒታ ሃዳ ጉዳይ ኩባንያው ሳይከሰስ ዳይሬክተሩን ብቻ መክሰስ እንደማይቻል ተወስኗል። የእርስዎስ ድርሻ ተጽፏል?

ወንጀሉ «በተፈጸመ ጊዜ» ዳይሬክተር እንዳልነበሩ የማይካድ ሰነድ ካለዎት ክሱ እንዲሰረዝ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመልክቱ። ሥልጣኑ ድሮ አንቀጽ 482 ይባል ነበር፤ አዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ከሥራ ላይ ከዋለበት ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ አንቀጽ 528 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሃርሼንድራ ኩማር የተባሉ ዳይሬክተር ከቼኮቹ በፊት መልቀቃቸውን ለመዝጋቢው በቀረበው ቅጽ አሳይተው ነጻ ወጥተዋል። እኔ ያ ቅጽ አልነበረኝም።

ስለዚህ የቀረኝ መንገድ እርቅ ነበር፤ ሕጉ የቼክ ክስ በስምምነት እንዲያልቅ ይፈቅዳል። ወዳጄ ከዱባይ ገንዘቡን ላከ፣ ከሳሹ ተቀብሎ ፈረመ፣ መዝገቡ ከአራት ቀጠሮ በኋላ ተዘጋ። ለጠበቃ የከፈልኩት ከኩባንያው በደመወዝ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጣል፤ ደመወዝ አልነበረኝምና።