ፔጆ 404፦ ቁልቁለት ላይ የሚጎትት ፍሬንና የተቀመጠ የኋላ ሞላ

ሐረር ከተማ ውስጥ ደህና የሚይዘው ፍሬን ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ መኪናዋን ወደ ግራ ይጎትታል፣ ፔዳሉም እየለሰለሰ ይሰምጣል። ከኋላ በግራ በኩል ደግሞ ሞላው ደክሞ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች።

የቀኙ የኋላ ታምቡር ሲፈታ ሸራው (ታምቡሩን ፈትጎ የሚይዘው) ረጥቧል፤ ቀኙ ስለማይይዝ ነው ወደ ግራ የምትጎተተው። የቱ ዘይት ነው? ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፣ የዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ማርሽ) ዘይት አይዋሃድም። ይሄኛው አልተዋሃደም። ዲፈረንሻሉ ከልክ በላይ ተሞልቶ ዘይቱ በአክስሉ በኩል ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ቀለበት) አልፏል። ሲሉ ተቀየረ፣ ዘይቱም እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ብቻ ሆነ። ዘይት የጠጣን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ከንቱ ድካም ነው፤ ሲሞቅ መልሶ ያልበዋል። አራቱም የኋላ ሸራዎች አብረው ይቀየራሉ። የፍሬን ሲሊንደሩን ጎሚኒ ግን ቤንዚን እንዳይነካው፣ ያብጣል።

ሞላው በጥንድ ተለወጠ። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ ጎሚኒዎቹ አልቀው ነበር። የዘንጉ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል፤ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የፔዳሉ መስመጥ ከአሮጌው ፍሬን ዘይት ነበር። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ የሚፈላበት ሙቀት ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ ሲፈላም እንፋሎቱ ፔዳሉን ያለሰልሰዋል። ሙሉው ተቀይሮ በፍሬን መስመሩ ውስጥ የገባው አየር ከቀኝ ኋላ ተጀምሮ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ወጣ።