ሥራ አራት ኪሎ፣ ቤት ለገጣፎ፦ ድምፃችሁን የት ነው የምትሰጡት?

ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ ዳር የገባችሁ ብዙ ናችሁ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ፣ ሰፈሩ ለልማት የተነሳበት አለ፣ ኪራይ ገፍቶት የወጣ አለ። ሥራው፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ግን አሁንም መሀል ነው። ምርጫ ሲነሳ ታዲያ ብዙ ሰው «መታወቂያዬ እኮ የድሮው ወረዳ ነው፣ እዚያው እመዘገባለሁ» ይላል። እንደዚያ አይሆንም። ድምፅ የሚሰጠው በምትኖሩበት ነው፤ በተወለዳችሁበትም በምትሠሩበትም አይደለም። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ መራጩ በምርጫ ክልሉ፣ ማለትም አንድ ተወካይ በሚመረጥበት አካባቢ፣ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ወረቀታችሁን ማስተካከል ያለባችሁ የምርጫ ቅስቀሳ መኪና ሲያልፍ ስትሰሙ ሳይሆን አሁን ነው።

መጀመሪያ ሰፈራችሁ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ አጣሩ። ቀላል ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ የሚኖር ሰው በየቀኑ አዲስ አበባ ገብቶ ይውጣ እንጂ የሚመርጠው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ እነዚህ ከተሞች አሁን የሸገር ከተማ አካል ናቸው። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 የወሰን ስምምነት ስላደረጉም፣ ጠርዝ ላይ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የምትኖሩ «ዕጣው የወጣልኝ በአዲስ አበባ ነው» ብላችሁ አትለፉ። አሁን መታወቂያ የሚሰጣችሁ ማን ነው? ያንን ሄዳችሁ ጠይቁ።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ለፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሁላችሁም ትመርጣላችሁ። ከ547ቱ የምርጫ ክልሎች 23ቱ የአዲስ አበባ፣ 178ቱ የኦሮሚያ ናቸው። ሁለተኛው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ነው የምትለያዩት። የአዲስ አበባ ነዋሪ 138 መቀመጫ ላለው የከተማው ምክር ቤት ሲመርጥ፣ ከወሰኑ ማዶ ያለው ለጨፌ ኦሮሚያ፣ ማለትም ለክልሉ ምክር ቤት፣ ይመርጣል። ውሃውን፣ መንገዱንና የመሬቱን ጉዳይ በቅርብ የሚያየው ያ ሁለተኛው ምክር ቤት ስለሆነ፣ ዳር ለሚኖር ሰው ቀልድ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ሆናችሁም ክፍለ ከተማችሁን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ክፍለ ከተሞቹ 11 ናቸው፣ የምርጫ ክልሎቹ ግን 23፤ የምርጫ ክልል ቁጥርና የወረዳ ቁጥርም አንድ አይደሉም። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የመጣ አዲስ ክፍለ ከተማ ስለሆነ እዚያ ያላችሁ በተለይ ጠይቁ። ጥያቄው አጭር ነው፦ የምርጫ ክልሌ ስንት ነው፣ ጣቢያዬስ የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ መሸኛ እንምጣ። ከድሮው ወረዳ መሸኛ፣ ማለትም መልቀቃችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ታወጣላችሁ፣ አሮጌውን መታወቂያ ትመልሳላችሁ፣ ከዚያ መሸኛውን ይዛችሁ አዲሱ ወረዳ ትመዘገባላችሁ። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ የቤቱን ውል ወይም ካርታ ያዙ። ተከራይ ከሆናችሁ የኪራይ ውሉ ያስፈልጋል፤ በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ ስላለበት፣ አከራዩ «ወረዳ አልሄድም» ቢል ይህንን በጨዋ ቋንቋ አስረዱት። ዘመድ ቤት የተጠጋችሁ ደግሞ የቤቱ ባለቤት በደባልነት እንዲያስመዘግባችሁ ለምኑት።

የመሀል ከተማውን መታወቂያ መልቀቅ የሚከብደው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ቀን እመለሳለሁ ይላል፣ ወይም ሌላ ጥቅም ይቀርብኛል ብሎ ይሰጋል። ይገባኛል። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ የሚሰለፈው፣ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቀው፣ ልጁን አዲሱ ሰፈር ትምህርት ቤት ያስገባው ያው ሰው ነው። ድምፁ የድሮው ሰፈር ከቀረ፣ የአሁኑን ሰፈር ችግር የሚያነሳለትን ሰው የሚመርጥለት ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ በእኛ ሕግ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። አዲስ ሰፈር ላይ ነዋሪው ሳይመዘገብ ከቀረ ጥቂት ሰዎች የሁሉንም ተወካይ ይወስናሉ።

ምዝገባ ሲከፈት ራሳችሁ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ስማችሁ እስከ አያት፣ ዕድሜያችሁና አድራሻችሁ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የመራጭነት ካርዱን ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ «ለማንኛውም» ብላችሁ የድሮው ሰፈርም እንዳትሞክሩት።

የድምፅ መስጫው ቀን ላይ ሥራ ገብቼ ማታ እመርጣለሁ አትበሉ። የ2013ቱ ምርጫ ሰኞ ሰኔ 14 ነበር የዋለው፤ ሰልፉ ረዝሞ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል። መደበኛው ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ነው፣ ሲዘጋ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ይመርጣል። ከሜክሲኮ ወይም ከመገናኛ ታክሲ ጠብቆ በዚያ ሰዓት መድረስን የምታውቁት ነው። ከአለቃችሁ ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ጠዋት ምረጡና ሂዱ። ሰኔ ከሆነ ጃንጥላ ያዙ። ማየት ወይም መጻፍ የሚቸግራቸው እናት አባት ካሏችሁ የሚያምኑት ሰው አብሯቸው ገብቶ ሊረዳቸው ይችላል። ወረቀቱ ላይ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ይበቃል። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይካሄድና ውጤቱ ይለጠፋል፤ በማግስቱ በዚያ ስታልፉ ቆም ብላችሁ እዩት።

ከዚያ በኋላ ተወካያችሁን ያዙት። የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አመኔታ ያጣ ተወካይን መራጩ ሊያወርደው እንደሚችልም ይፈቅዳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ክረምቱን አባላቱ ወደየመራጮቻቸው ወርደው ያወያያሉ። ስብሰባው መቼ እንደሆነ ከወረዳችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ ጥያቄያችሁን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ፣ ፈርማችሁ ሂዱ፤ አንድ ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ፣ የሰጣችሁበትንም ቀን ጻፉበት።