ሶላር ተክሎ መኪና ቻርጅ ማድረግ፦ ከከተማ ዳር ግቢዎች የማይጠፉ ስህተቶች

የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። 16 አምፒር ላይ የተደረገ ተንቀሳቃሽ የመኪና ቻርጀርም ያው ነው፤ 16 በ220 ሲባዛ 3,520 ዋት ይመጣል። ልዩነቱ ምጣዱ ጋገራው ሲያልቅ ይነቀላል፣ መኪናው ግን ሳያርፍ አምስት ስድስት ሰዓት ይጠባል። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ ታስቦ በተተከለ ሶላር ላይ መኪናውን የሚሰካ ሰው ይህችን ሒሳብ ዘሏታል።

ኬቪኤን እንደ ኪሎዋት ማንበብ

ኢንቨርተር የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ቤት ወደሚሠራበት 220 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ ነው። «ኢንቨርተሬ 3.5 ነው፣ ይበቃል» የሚባለው ብዙ ጊዜ 3.5 ኬቪኤ ነው፤ ኬቪኤ የቮልትና የአምፒር ብዜት እንጂ ሥራ ላይ የሚውለው ኪሎዋት አይደለም። ፓወር ፋክተሩ (ከኬቪኤው ኪሎዋት የሚሆነው ድርሻ) 0.8 ከሆነ የሚሰጠው 2,800 ዋት ብቻ ነው። ከፍታም አለ፤ ብዙ አምራቾች ከ2,000 ሜትር በላይ አቅሙ እንደሚቀንስ መመሪያው ላይ ይጽፋሉ፣ ምክንያቱም አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ናቸው። ለ16 አምፒር ቻርጀር ቢያንስ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ መኪናው ተሰክቶ እያለ ምጣዱ አይነካም።

ቀን የተሰበሰበውን ማታ መኪና ላይ መገልበጥ

ከለገጣፎ ወይም ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ደርሶ መመለስ ከ40 እስከ 50 ኪሎሜትር ነው። ትንሽ መኪና በ100 ኪሎሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲጨመር ለቀኑ መንገድ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈለጋል። ሰባት ሰው ለሚጭነው ትልቁ መኪና ከ10 በላይ ይያዝ። የሱሉልታ ሰው ማታ የእንጦጦን ዳገት ስለሚወጣ እሱም ትንሽ ይጨምርበት።

ችግሩ መኪናው ግቢ የሚገባው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰው ባትሪ ይገዛል። አራት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ ወረቀት ላይ 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ብቻ ይነካል። ቻርጀሩ 3.5 ኪሎዋት ሲስብ፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተጨምሮ፣ ከባትሪው በ48 ቮልት 80 አምፒር ያህል ይወጣል። ባትሪው ላይ የተጻፈው 200 ግን የተለካው በ10 ወይም በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲወጣ ነው፣ ማለትም በ20 ወይም በ10 አምፒር። በ80 ሲጠባ ይሞቃል፣ አቅሙ ይሸሻል፣ ብዙም ሳይቆይ መብራት ሲጠፋ ሁለት አምፖል እንኳ የማያበራ ይሆናል። የተገኘው ትርፍ? የ20 ኪሎሜትር መንገድ ቢሆን ነው። ሊቲየም እንዲህ ቶሎ አይሞትም፤ ነገር ግን ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓቱ አንዱ ፍሬ ከ25 ኪሎሜትር ብዙም አያስኬድም፣ የውስጥ መቆጣጠሪያው 50 አምፒር ላይ የተገደበ ከሆነ ደግሞ ገና ሲጀምር ይቆርጣል።

የቤቱን ባትሪ ለቤት ይተዉት። ስድስት ባለ 550 ዋት ፓኔል በበጋ ቀን ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። መኪናው ቅዳሜና እሑድ ግቢ ከዋለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ይሰኩት። በ6 ወይም በ8 አምፒር ጀምሮ ወደ 5 ሰዓት ገደማ 10 ማድረስ ነው፤ አምፒሩ የማይስተካከል ቻርጀር ለሶላር አይገዛም። በሥራ ቀን ማታ ከመብራት ኃይል መሙላት ነውር የለውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዳመናው ከከበደ ምርቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ የጥር ውጤት አይቶ የክረምቱን ማቀድ ራስን ማታለል ነው።

ስፒናው ውስጥ የምትገባዋ አጭር ሽቦ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በመብራት ኃይል ደህና ሲሠራ የነበረ ቻርጀር ኢንቨርተር ላይ ሲሰካ ቀይ ያበራል፤ መኪናው አይቀበልም። ቻርጀሩ አልተበላሸም። ኢንቨርተሩ በባትሪ ሲሠራ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ከመሬት ጋር ስላልተያያዘ ነው። ቻርጀሩ ኃይል ከመልቀቁ በፊት በፌዝ (ኃይል በሚመጣበት ሽቦ) እና በግራውንድ (ወደ መሬት በሚወርደው ሽቦ) መካከል 220 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ያንን ሲያጣ «ግራውንድ የለም» ብሎ ይቆማል። መቆም አለበት!

ከዚያ አንድ ፈጣን «ባለሙያ» ይጠራል። ስፒናውን ይፈታል፣ ከኒውትራሉ ወደ ግራውንዱ ጣት የማታህል ሽቦ ያገናኛል፣ መልሶ ይገጥማል። አረንጓዴ በራ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። አሁን ያንን ስፒና ይመልከቱት፤ ሁለት ክብ እግር ያለው፣ ገልብጠውም ቢሰኩት የሚገባ ነው። በቀኝ ሲሰካ ግራውንዱ ኒውትራል ነው። ነገ ዘበኛው ነቅሎ ገልብጦ ከሰካው ግራውንዱ ፌዝ ሆነ። የቻርጀሩ የግራውንድ ሽቦ ደግሞ በቀጥታ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ ነው። የመኪናው በር 220 ቮልት ተሸክሞ ዝናብ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሳይገለበጥም ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላልቶ ከተላቀቀ ውጤቱ ያው ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ጥበቃ እንዳያድን ያደረገችው ያቺው ሽቦ ናት፤ የሚጠብቀውን ነገር አታላዋለች።

ትክክለኛው ሥራ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ቢያንስ 1.5 ሜትር የሆነ የመዳብ ወይም መዳብ የተለበጠ ዘንግ ይቀበራል። ከግንባታ የተረፈ ግማሽ ሜትር ፌሮ አይሆንም። ግቢው ዋልካ ከሆነ በበጋ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ስለሚለያይ ጠለቅ ማድረግ፣ የሚቻል ከሆነ የማጠቢያ ውኃ በሚፈስበት በኩል መቅበር ይሻላል። ኒውትራልና ግራውንድ የሚገናኙት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኢንቨርተሩ መውጫ ላይ። ብዙ ኢንቨርተሮች በባትሪ ሲሠሩ የሚያገናኝ፣ መብራት ሲመጣ የሚለያይ ሪሌ ውስጣቸው አለ፤ ከሴቲንግ መክፈት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባለ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ (ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ) ይገባል። ሲጨርስ ባለሙያው በሜትር ሶኬቱን ይለካ፦ ፌዝና ኒውትራል 220፣ ፌዝና ግራውንድ 220፣ ኒውትራልና ግራውንድ ዜሮ ገደማ። አንዴ በባትሪ፣ አንዴ በመብራት። በሁለቱም ሳይለካ የሄደ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ቆጣሪው ሲሮጥ ሶላር ነው ብሎ ማመን

ብዙ ኢንቨርተር ከፋብሪካ ሲመጣ «መብራት ይቅደም» ተብሎ ተቀምጧል። ፓኔሉ ባትሪውን ሞልቶ ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ መኪናው ከቆጣሪ ይጠጣል። ወደ ኤስ ቢ ዩ ይቀይሩት፤ ፀሐይ፣ ባትሪ፣ ከዚያ መብራት ማለት ነው። አብሮ ባትሪው ስንት ቮልት ሲደርስ ወደ መብራት እንደሚመለስ ከፍ አድርጎ መወሰን ነው፤ አለዚያ ዳመና ባለፈ ቁጥር መኪናው ባትሪውን ያራቁተዋል።

ጣሪያው ላይ

ሮቶ አጠገብ ፓኔል አይደረግም። ጠዋት አንድ ፓኔል ጥግ ላይ የሚያርፍ የሮቶ ጥላ በተከታታይ የታሰሩትን ሁሉ ይጎትታል። የጎረቤት ባሕር ዛፍም ያው ነው፣ እሱ ደግሞ ያድጋል።

ለአውሮፓ የተጻፈ «30 ዲግሪ» ለእኛ አይሠራም፤ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በቂ ነው። በሰኔ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ የተጋነነ ዘንበል ያኔ ይጎዳል።

ባለ 550 ዋት ፓኔል ያለ ጭነት 50 ቮልት ገደማ አለው። የኅዳር ውርጭ ጠዋት ላይ 52 እና 53 ይደርሳል። መግቢያው 500 ቮልት በሆነ ኢንቨርተር ላይ «10 ሲባዛ 50፣ ልክ ገባ» ብሎ አሥሩን በተከታታይ ያሰረ ሰው ኢንቨርተሩን አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ያቃጥለዋል። ከ8 ወይም ከ9 አይለፉ።

በበጋ አቧራውን በየሳምንቱ ያጥቡት፤ በማለዳ እንጂ በቀትር ፓኔሉ ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋበትም።

ዲቫይደር

መኪና በዲቫይደር አይሰካም። ከብሬከሩ ለብቻው የመጣ ባለ 4 ካሬ መዳብ ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፒር ብሬከር፣ ዝናብ የማይነካው ጠንካራ ሶኬት። የመጀመሪያው ቀን ከተሰካ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በእጅዎ ይንኩ፤ ለብ ቢል ደህና ነው። ይዘው መቆየት ካቃተዎ ቻርጀሩን ያጥፉና ሶኬቱን ያስፈቱ፤ የላላ ብሎን ወይም የጠቆረ እግር ያገኛሉ።